ማለፊያው መንገድና የጋሽ ገብረ ኢየሱስ ዋንዛ

በዛወርቅ ከደጉ ጋር የተዋወቀችው መዶሻ ይዛ ነው። ወቅቱ የሚሊኒየሙ ዋዜማ ነበር። ከባድ መኪናው ሁሉ የቦንጋን መሐል መንገድ እያንቀጠቀጠ መውረዱ ስለበዛ፣ ከተማዋን በጎን የሚያልፍ መንገድ ይውጣ ተባለ። የማዘጋጃ ቤቱ ቀያሽ በዛወርቅ ነበረችና መስመሩን ልታሳይ ከከተማው ሥር፣ ከወንዙ ማዶ ወዳለው ጫካ ወረደች። አንድ ግዙፍ ዋንዛ ላይ ምልክት ያለበት ቆርቆሮ ልትመታ እጇን ስታነሳ፣ ከኋላዋ «ቆዪ እህቴ» የሚል ድምፅ ሰማች።

ዞር ስትል አንድ ረዘም ያለ ወጣት ወደ ላይ እያሳያት ነው። ቅርንጫፎቹ መሐል ረዣዥም ቀፎዎች ተጋድመዋል፤ ንቦቹም ሥራ ላይ ናቸው።

«ከመምታትሽ በፊት ባለቤቱን ጠይቂ» አላት።

«መሬቱ የመንግሥት መስሎኝ።»

«መሬቱማ ነው። ዛፉ ግን ቀፎውን የሰቀለው ሰው ንብረት ነው። እኛ ዘንድ እንዲህ ነው። ባለመሬቱ እንኳ ቀፎህን ስቀል ካለህ፣ ከዚያ ወዲያ ዛፉ ያንተ ነው። ባለመሬቱም ዘመድህ ይሆናል።»

«ታዲያ የዚህ ባለቤት ማን ነው?»

«አባቴ» አለና ሳቀ። እሷም መዶሻውን ዝቅ አድርጋ ሳቀች፤ መስመሩንም ከዛፉ አርቃ ወደ ከተማው በኩል አዞረችው። ደጉ ከወንዙ ማዶ ያለው የገጠር ቀበሌ ምክር ቤት ጸሐፊ ነበር። አማርኛው የካፋ ቅላፄ አለው፤ ለበዛወርቅ ጆሮ ደግሞ ያ ቅላፄ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ተስማማው።

እስቲ ስለ ሁለቱ ምክር ቤቶች ልንገራችሁ። የከተማውና የማዶው ቀበሌ ለዓመታት ወንዙ ላይ ያለችውን አንዲት ድልድይ «የናንተ ናት፣ የናንተ ናት» እየተባባሉ ሳትጠገን ያኖሩ ሰዎች ናቸው። ለማለፊያው መንገድ ግን እግዜር ልባቸውን ምን እንዳደረገው እንጃ፣ አንድ የጋራ ኮሚቴ አቋቋሙ። ስብሰባው አንድ ጊዜ ከተማው አዳራሽ፣ አንድ ጊዜ ማዶ ይሆናል። ከተማው ማሽን ሲያመጣ ማዶው ድንጋይና ጉልበት ያመጣል። የሰው ቡና ወይም አጥር የሚነካ ሲሆን ደግሞ ኮሚቴው ተሰብስቦ ባለቤቱ ደጅ ድረስ ሄዶ ይለምናል እንጂ ደብዳቤ አይልክም። እውነቱን ለመናገር፣ እንዲህ ያለ የተባረከ ሥራ በዚያ አገር ከዚያ በፊት አልታየም።

ደጉ ለኮሚቴው ሥራ ሲመጣ የመለኪያውን ዘንግ የሚይዝላት እሱ ሆነ። እሷ በመሣሪያዋ መነጽር አጮልቃ ታያለች፤ እሱ ማዶ ዘንጉን ይዞ እንደ ወታደር ይቆማል። ቁጥሩን ለማንበብ አንድ አፍታ ይበቃል። በዛወርቅ ግን ዓይኗን ከመነጽሩ ለማንሳት ትዘገያለች።

«ገና ነው?» ይላል ከማዶ።

«ገና ነው። አትንቀሳቀስ» ትላለች።

አንብባ እንደጨረሰች እሱም ያውቃል፤ ግን ክንዱ እስኪዝል ይቆምላታል። ወደ ማታ መሣሪያውን ተሸክሞላት ወደ ድልድዩ ሲሄዱ ብዙም አይነጋገሩም። አንዳንዴ እሷ የእሱን ጫማ ጭቃ ታያለች፣ እሱ የእሷን እጅ ያያል፤ ሁለቱም ሌላ ነገር እንዳዩ ሁሉ ስለ መንገዱ ያወራሉ። ፍቅር እንደያዛቸው ከእነሱ በቀር ኮሚቴው በሙሉ አውቆታል።

ችግሩ የመጣው ከመስመሩ ጫፍ ነው። መንገዱ ከዋናው ጎዳና ጋር የሚገናኘው በጋሽ ገብረ ኢየሱስ የቡና ማስጫ በኩል ሆነ። ጋሽ ገብረ ኢየሱስ የበዛወርቅ አባት ናቸው። ከመሐል አገር በወጣትነታቸው መጥተው ሱቅ ከፍተው፣ ቡና ነግደው፣ ልጅ አሳድገው ቦንጋ ላይ የከበሩ ሰው ናቸው። ያቺን ማስጫ በገዛ እጃቸው ደልድለው ያበጇት ናት። ኮሚቴው ደጃቸው ሄዶ ለመነ። በትሕትና አስተናገዱ፣ በትሕትናም እንቢ አሉ። ኮሚቴው «ይሁን፣ ሌላ ጊዜ እንመለሳለን» ብሎ ወጣ።

እንግዲህ ደጉ የሠራውን ስህተት ስሙ። በዛወርቅን ለትዳር ሊጠይቅ ቆረጠ፤ ሽማግሌ መላክ አለበት። በዓለም ላይ የሚያከብራቸውን ሦስት ሰዎች መረጠ፤ ከከተማው ጋሽ ፈለቀን፣ ከማዶ አቶ ኃይለመስቀልንና አቶ ዓለሙን። ሦስቱም የመንገዱ ኮሚቴ አባላት መሆናቸው ትዝም አላለው። ሞኝ አይደለም፤ አፍቅሮ ነው።

ሽማግሌዎቹ እሑድ ጠዋት ሄደው እንደ ወጉ ደጅ ላይ ቆሙ። ጋሽ ገብረ ኢየሱስ ግቡ፣ ተቀመጡ አሏቸው። ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም አሉ፤ ይህም ወጉ ነው። ጋሽ ፈለቀ ዙሪያውን ሲናገሩ ቆይተው፣ ልጅዎን ለልጃችን ለደጉ አሉ። ጋሽ ገብረ ኢየሱስ የሦስቱን ፊት ተራ በተራ አዩ።

«ማስጫዬን ብላችሁ መጣችሁ፣ እንቢ አልኳችሁ» አሉ ቀስ ብለው። «አሁን ደግሞ በልጄ በኩል ዞራችሁ መጣችሁ። ልጄ የመንገድ ማሟያ አይደለችም። በሰላም ሂዱ።»

በዛወርቅ ጓዳ ሆና ሰማች። አባቷ ባይናገሩት ኖሮ እንዲህ ያለ ነገር በሐሳቧ ዝር አይልም ነበር፤ አንዴ ከሰማችው ግን ልቧ ውስጥ ገብቶ ቁጭ አለ። በማግስቱ ድልድዩ ላይ ደጉን አገኘችው።

«እውነቱን ንገረኝ። ሽማግሌ የላክኸው ለእኔ ነው ወይስ ለማስጫው?»

ደጉ አፉን ከፈተና ዘጋው። እሷም ዝምታውን መልስ አድርጋ ወሰደችውና ጥላው ሄደች። ከዚያ ወዲህ ዘንጉን ሌላ ሰው ያዘላት፤ ቁጥሩንም ወዲያው አንብባ ዓይኗን ታነሳ ጀመር። ምግብ አልበላ አላት፤ እናቷ ብትጠይቃት ፀሐይ ነው አለች።

ቀጣዩ የጋራ ስብሰባ ማዶ፣ በቀበሌው አዳራሽ ነበር። በዛወርቅ ካርታዋን ይዛ ከፊት ተቀምጣለች። ደጉ እጁን አውጥቶ ተነሳ። ወደ እሷ ሳያይ፣ የመንገዱ ጫፍ ከማስጫው ተነስቶ ወደ ማዶ ይዙር፤ በእኛ በኩል ይውጣ አለ። አዳራሹ አጉረመረመ። መስመሩ ሊረዝም ነው፣ ጫካ ሊነካ ነው። ከገዛ ቀበሌው ሰዎች አንዱ፣ የከተማው ሰው መሬቱን ሲነፍግ እኛ ለምን እንጨምራለን ብሎ ጠየቀ። የሚነካው ጫካ የማን እንደሆነ በዛወርቅ ካርታውን ሳታይ አወቀች። ትልቁ ዋንዛ እዚያ ነው።

ያን ጊዜ የደጉ አባት አቶ ወልደ ማርያም ተነሱ። ዝምተኛ ሽማግሌ ናቸው። በአገሩ ቋንቋ በካፊኖኖ ተናገሩና ጋሽ ፈለቀ ወደ አማርኛ መለሱት።

«ዛፉ የእኔ ነው። ልጄ የሰው መሬት ፈልጎ የሰው ልጅ ጠየቀ ከሚባል፣ ዛፌ ይቆረጥ።»

የከተማው ምክር ቤት ሊቀመንበር ተነስተው፣ እንግዲያው የረዘመውን መንገድ ድንጋይ በሙሉ ከተማው ይሞላል፣ ማዶው ዛፉን ከሰጠ በቂ ነው አሉ። ድልድይዋን «የናንተ ናት» ሲሉ የኖሩት ሰዎች፣ ያን ቀን ሸክሙን ለእኔ ለእኔ ሲባባሉ ዋሉ። በዛወርቅ ካርታው ላይ አጎንብሳ ዓይኗን ጠረገች።

ማሩ ተቆርጦ ቀፎዎቹ የሚወርዱ ዕለት ወደ ዋንዛው ሄደች። አቶ ወልደ ማርያም ላይ ሆነው ባዶዎቹን ቀፎዎች በገመድ ይለቃሉ፤ ደጉ ታች ሆኖ ይቀበላል። አጠገቡ ቆመችና ገመዱን ያዘችለት።

«ያን ዕለት ለምን ዝም አልከኝ?»

«ምን ብዬ ልማል? ማስጫው እስካስፈለገን ድረስ የምለው ሁሉ ለማስጫው ይመስላል።»

«አሁንስ?»

«አሁን ማስጫው አያስፈልገንም» አለ። «አንቺ ግን ታስፈልጊኛለሽ።»

ገመዱን አጥብቃ ያዘች። ቀፎዎቹ እስኪያልቁም ከአጠገቡ አልሄደችም።

ወሬው ጋሽ ገብረ ኢየሱስ ዘንድ ለመድረስ አልዘገየም። ኩሩ ሰው ናቸው፤ የሴት ልጅ አባትም ተመለሱ ብሎ ሽማግሌ አይጠራም። ብቻ በሚቀጥለው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ሦስት ወንበር አውጥተው ደጅ ላይ ደረደሩ። ማንም አልመጣም። በሌላውም እሑድ ደረደሩ። ማታ ወንበሮቹን ሲያስገቡ፣ በዛወርቅ እንድትሰማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ የዛሬ ሽማግሌዎች ደግሞ አንዴ እንቢ ከተባሉ በዚያው ቀሩ አሉ። ልጃቸው ሳቋን በነጠላዋ አፍና ማዶ ድረስ በረረች።

በቀጣዩ እሑድ እነዚያው ሦስት ሰዎች መጡ። ሌሎች ይላኩ ቢባል በዛወርቅ አሻፈረኝ ብላ ነው። ወንበሮቹ አጠገብ ቆሙ፤ አልተቀመጡም። ጋሽ ፈለቀ ጉሮሯቸውን ሲጠራርጉ ጋሽ ገብረ ኢየሱስ ቀደሟቸው።

«የወልደ ማርያም ቀፎዎች የት ተሰቀሉ?»

ሽማግሌዎቹ ግራ ተጋቡ። ገና ቤታቸው ጥግ ተደርድረዋል፣ የሚሆን ዛፍ አልተገኘም አሉ። ጋሽ ገብረ ኢየሱስ ተነስተው ከፊት ከፊት እየመሩ ወደ ጓሮ ወሰዷቸው። በዛወርቅ በጓዳው መስኮት አየች። አባቷ ማስጫው ዳር ያለውን ዋንዛ በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት።

«ይሄ ይሆነዋል?»

ጋሽ ፈለቀ ዛፉንም ሰውየውንም አዩ። «ጋሽ ገብረ ኢየሱስ፣ እዚህ አገር ቀፎ የተሰቀለበት ዛፍ የማን እንደሚሆን ያውቃሉ?»

«እዚህ አገር ነው ያረጀሁት» አሉ። «ወልደ ማርያም ራሱ መጥቶ ይስቀል። ልጁም ገመዱን ይያዝለት።»

ከዚያ ወደ ደጅ ተመልሰው ወንበሮቹን አሳዩአቸው።

«እንግዲህ ተቀመጡ» አሉ፤ ሽማግሌዎቹም ተቀመጡ።