የጤነኛው ቤት ጥፋት

ታላቁ ጦርነት ባበቃ በሁለተኛው ዓመት፣ በጋው ሊያልቅ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት፣ ከወንዙ ማዶ ያለው የድሆች ሰፈር በአንጀት ተስቦ ተያዘ። ከኮረብታው ላይ የከንቲባው ግቢ፣ ፍርድ ቤቱና ባለ ድንጋይ ደረጃው ጎዳና እንደ ወትሮው ጸጥ ብለው ነበር፤ ከታች ግን በጭቃና በቆርቆሮ በተሠሩት ቤቶች መካከል፣ የሕፃን ሬሳ ያልወጣበት ደጅ ብርቅ ሆነ። የማዘጋጃ ቤቱ ሰዎች በሽተኛ ያለበትን ቤት በር ቀይ ቀለም ይቀቡ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ የሚያውቁት ሥራ አልነበራቸውም።

የከተማው ሐኪም የከንቲባው አማች ነበር፤ ሹመቱን ያገኘው በጋብቻ ነው እያሉ የሚያሙት አልጠፉም፤ ሐሜቱም ጨርሶ ውሸት አልነበረም። ሥራውን ግን ያውቅ ነበር። ቀይ በሮቹን ሁሉ ካዳረሰ በኋላ ቀለም ወዳልነካቸው ቤቶች መግባት ጀመረ።

«ጌታዬ፣ ጤነኛ ቤት ገብተን ምን ልንሠራ ነው?» አለው አብሮት የሚዞረው ዘበኛ።

«የታመሙት የበሉትንና የጠጡትን ነግረውናል። ያልታመሙትም ያንኑ በልተው ጠጥተው ከሆነ ምንም አላወቅንም። እኔ የምፈልገው ያልታመመው ሰው ያልነካውን ነገር ነው።»

ዘበኛው ራሱን ነቀነቀ። ሐኪም ጤነኛ ሲያሳድድ አይቶ አያውቅም ነበርና።

ከጤነኞቹ ቤቶች ሁሉ የሰፈሩ ዓይን የተተከለበት አንድ ነበር፤ የአምስት ልጆች እናት የሆነች፣ ሰው «እምቢተኛዋ» የሚላት የአንዲት ልብስ ሰፊ መበለት ቤት። ግራና ቀኝ ጎረቤቶቿ ልጆቻቸውን ሲቀብሩ የእሷ አምስቱም በደጅ ይሯሯጡ ነበር። የልጅ ጤና በየትኛው አገር ሕግ ወንጀል እንደሆነ እግዜር ይወቅ፤ በዚያ ሰፈር ግን ሆነ። «የእኛን እየቀጠፈች የራሷን ታሳድጋለች» አሉ፤ በሯንም በድንጋይ ደበደቡት።

ሐኪሙ ሲገባ መርፌዋን ከጨርቁ አላነሣችም።

«ውኃ ከየት ነው የሚቀዱት፣ እህቴ?»

«ሰው ሁሉ ከሚቀዳበት።»

«ምግብስ?»

«ሲገኝ ነዋ። ሌላው ቤት ገብቶ የእኔ ቤት የማይገባ ነገር ቢኖር የእመቤቲቱ ወተት ብቻ ነው።»

እመቤቲቱ የከንቲባው ሚስት፣ የሐኪሙም አማት ናቸው። ለድሃ ልጆች በየማለዳው በነፃ ወተት የሚታደልበት ቤት አቋቁመው፣ ስማቸው በቸርነት ተነሥቶ የማይጠገብ ሆኖ ነበር። ወተቱ ከመታደሉ በፊት ግን እናቶቹ በሥዕላቸው ፊት አጎንብሰው፣ ዕድሜያቸው እንዲረዝም በአንድ ድምፅ መመረቅ ነበረባቸው። መበለቲቱ አንድ ቀን አላጎነብስም አለች፤ ከወተቱም ተሰረዘች። ጎረቤቶቿ ያን ጊዜ «ኩራት ራት አይሆንም» ብለው ስቀውባት ነበር።

ሐኪሙ የቀሩትን ጤነኛ ቤቶች ዳግመኛ ዞረ። አንዱ ቤተሰብ በቅርቡ የመጣና ለወተቱ ገና ያልተመዘገበ ነው፤ በሌላው ልጁ ወተት ሲያይ ያስመልሰዋል። ከዚያ በቀጥታ ወደ ወተት ቤቱ ጓሮ ሄደ፤ እደላውን የሚመራውን አዛዥም ከቦዩ በባልዲ ውኃ እየቀዳ በወተቱ ጋን ላይ ሲጨምር አገኘው። ያ ቦይ የሐኪም ቤቱ የበሽተኞች አንሶላ የሚታጠብበት ነው።

«ለድሃ ሆድ ወፍራም ወተት ይከብዳል፣ ጌታዬ» አለ አዛዡ፣ ሳያፍር።

ሐኪሙ ጋኑን በእግሩ ገለበጠው።

ከንቲባው ነገሩን ሰምተው መጀመሪያ ያደረጉት መስኮቱን መዝጋት ነበር።

«እናትህ መርዝ አጠጣች ልትለኝ ነው፣ ልጄ?»

«አላወቁም፣ አባቴ። አሁን ግን እኔም እርስዎም አውቀናል። ወተቱ ዛሬውኑ ይቁም።»

«ይቆማል፤ ላሞቹ ታመሙ ይባላል። ሴትዮዋ ደግሞ ከከተማው ትውጣ። ሕዝቡ ተቆጥቷል፤ የሚቆጣበት ሰው ካላገኘ ዓይኑን ወደ ላይ ያነሣል። አንተ ዝም ትላለህ። እምቢ ካልህ ነገሩ ለሸንጎ ይቀርባል፤ እስኪታይ ድረስም ወተቱ ይታደላል።»

የሸንጎውን ቀርፋፋነት ሁለቱም ያውቁት ነበር። በገዛ ከተማቸው ሕፃናት ነፍስ የሚደራደሩት ሰው፣ ይህን ሲናገሩ ድምፃቸውን እንኳ ከፍ አላደረጉም። ሐኪሙ ዝምታን መረጠ፤ በሽታው እስኪቆም ብቻ ነው ብሎ ራሱን አጽናና።

ለመበለቲቱ ግን ሄዶ እውነቱን ነገራት። «በሽታው ሲቆም ሁሉን በአደባባይ እናገራለሁ» አላት።

«ሲቆምማ ማን ይሰማዎታል?» አለችና ልጆቿን ጫማ ማልበስ ጀመረች።

በማግስቱ ወታደሮች አጅበው አስወጧት። ያጨበጨቡት ልጆቻቸውን የቀበሩ እናቶች ነበሩ፤ ትንሿ ልጇ በዓል መስሏት አብራ አጨበጨበች። በዚያው ማለዳ ወተት ቤቱ ተዘጋ።

ቀይ ቀለም የሚቀባው በር እያነሰ ሄዶ ቆመ። ያን ጊዜ ሐኪሙ የሰፈሩን ካርታ በገበያው ግንብ ላይ ሰቅሎ፣ ወተት የጠጣውንና ያልጠጣውን ቤት በጣቱ እያሳየ ተናገረ። ሁለት ልጆች የሞቱበት አንድ አናጢ በትዕግሥት አዳመጠውና እንዲህ አለው፦

«ሐኪም፣ ሴትዮዋ ሳለች በሽታው ነበር፤ ስትወጣ ቆመ። እርስዎስ ሲያስረዱን የነበረው እንዲህ እያነጻጸሩ አይደለም?»

ሰው ሳቀ። ሐኪሙ ወተቱም በዚያው ቀን መቆሙን ቢጮኽም፣ ድምፁ በሳቁ ተዋጠ። በወሩ ከሹመቱ ተሻረ፤ ሚስቱም ወደ አባቷ ቤት ተመለሰች።

የከተማዋን ታሪክ የጻፉት ሰዎች ቀኑን አላሳሳቱም፤ ሁለቱ ነገሮች በአንድ ማለዳ ሆነዋልና፤ አንዱን መርጠው ጻፉ፣ ሌላውን ተዉት። ወተት ቤቱ ኋላ ታድሶ በእመቤቲቱ ስም ተጠራ፤ ሐኪሙን የሚያነሣው የለም። መበለቲቱና ልጆቿ የት እንደገቡም የጠየቀ አልተገኘም። እሷን ግን ከተማው አልረሳትም፤ እስከ ዛሬ ድረስ በዚያ ሰፈር ሕፃን አተኩሶት ሆዱን ሲያመው፣ እናቶች «እምቢተኛዋ ያዘችው» ይላሉ።