አክሬዲት የሚለው ቃል

«እስኪ ይህን አንብቢልኝ» አሉ ጋሼ ጎበዜ፣ ደብዳቤውን ወደ ሶፊያ እየገፉ።

ደብዳቤው ከአዲስ አበባ፣ ከትምህርት ሚኒስቴር የመጣ ነው፤ በእንግሊዝኛ ተጽፎ የፈረመበትም የውጭ አገር ሰው ነው። ጋሼ ጎበዜ መቻራ ላይ ይህቺን የግል ትምህርት ቤት የከፈቱ የሒሳብ መምህር ናቸው። እንግሊዝኛ ሲሆን ከስምንተኛ ክፍል ልጆች ሶፊያን ይጠራሉ።

«ኖት አክሬዲትድ ይላል። ትርጉሙን አላውቀውም» አለች።

መዝገበ ቃላቱን ከመደርደሪያው አወረዱላት። አክሬዲት፦ በይፋ እውቅና መስጠት። ከሥሩ በደቃቅ ፊደል የቃሉ አመጣጥ ሰፍሯል፤ ከፈረንሳይኛ የመጣ፣ የጥንት ሥሩ ላቲን፣ ፍቺውም «ማመን»።

«አላመኑንም ማለት ነው» አሉ ጋሼ ጎበዜ ቀስ ብለው።

ሶፊያ ንባቧን ቀጠለች። የዚህ ትምህርት ቤት ልጆች በስሙ ለስምንተኛ ክፍል የሚኒስትሪ ፈተና አይቀመጡም፤ መፈተን የፈለገ እስከ ዓርብ አሰበ ተፈሪ፣ የመንግሥት ትምህርት ቤት ሄዶ ይመዝገብ። ቀኑ ረቡዕ ነበር። ዝናብ ከጣለ ደግሞ ከመቻራ መኪና አይወጣም።

«ለወላጆች ፈቃዱ መጥቷል ብያለሁ» አሉ። «ከሰዓት ሲሰበሰቡ ‹ፈተናውም በቅርቡ ይፈቀዳል› ይላል በያቸው። አዲስ አበባ ሄጄ እለምናለሁ።»

«ዓርብስ ጋሼ?»

ደብዳቤውን አጥፈው መልሰው ሰጧት።

አራተኛ ክፍል ሳለች አባቷ ይብቃት ብለው ነበር። ጋሼ ጎበዜ ናቸው ቤት ድረስ ተመላልሰው የለመኑላት። አባቷም እስከ ስምንተኛ ፈቀዱ፤ ካላለፈች ለልጃቸው ያጯት የመሰላ ከተማ ሰዎች እየጠበቁ ነው።

ከሰዓት ወላጆች ግቢው ውስጥ ተቀመጡ። ሶፊያ ደብዳቤውን ይዛ ቆመች።

«ማል ጄዳ፣ ልጄ? ምን ይላል?» አሉ አባቷ አብዱልቃዲር።

እንግሊዝኛውን የሚያውቅ ሌላ ሰው የለም። ያለችውን ሁሉ ያምናሉ። ጋሼ ጎበዜን አየቻቸው፤ መሬት መሬት ያያሉ።

«እውቅና የለንም ይላል» አለች። «እዚህ አንፈተንም። እስከ ዓርብ አሰበ ተፈሪ ካልተመዘገብን ዘንድሮ አለቀ።»

ግቢው ታመሰ። አንዱ ሽማግሌ «ዋሽተውናል!» ብለው ተነሱ። የሶፊያ የክፍል ጓደኛ የበክሪ እናት ጣሂራ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ አለቀሰች። የሶፊያ አባት መኪና ሊጠይቁ ወደ ገበያው ወረዱ።

ሰዉ ሲበተን ሶፊያ ጋሼ ጎበዜን ባዶው ክፍል ውስጥ ተቀምጠው አገኘቻቸው። ይቆጡኛል ብላ ጠብቃ ነበር፤ ቀናም አላሉ።

«ስንመዘገብ የውጤት ወረቀት ይጠይቁናል» አለች።

«የእኔን ፊርማ ማን ያምናል?»

ሶፊያም አግዳሚው ላይ ከጎናቸው ተቀመጠች፤ የስም መዝገቡን ገልጣ፣ የውጤት ወረቀቱን እንዲጽፉ ብዕሩን ወደ እጃቸው አስጠጋች።

«በክሪ አሕመድ» ብላ ማንበብ ጀመረች።