ያልደረቀው ዋሽንት

ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው። እኔ ግን በእህቴ ነገር አልቀልድም።

የሆነው በጠራራ ፀሐይ ነው። ከቀኑ ስድስት ሰዓት፣ ዋሽንት በምጠግንባት ጠባብ ሱቄ ውስጥ።

ጠዋት ጥቁር የለበሱ እናት አንድ የእንጨት ዋሽንት ይዘው መጡ።

«የባለቤቴ ነበር። ካረፈ ዓመት አለፈው። ስንጥቁን ድፈንልኝና ልሽጠው።»

በእኛ ሙያ አንድ ደንብ አለ። ትንፋሽ ዋሽንት ውስጥ ገብቶ ውሃ ይሆናል። ዘንግ ላይ ጨርቅ ጠቅልለን የቀድሞውን ሰው ትንፋሽ ሳንጠርግ፣ ሌላው አፉን አያስጠጋበትም።

ጨርቁን ሰደድኩት። እርጥብ ሆኖ ወጣ...

«ሰው ነፍቶታል እንዴ?»

«ማን ይነፋዋል ልጄ? ተቆልፎበት ነው የኖረው።»

ዓይናቸውን ከመሬት ሳያነሱ ወጡ።

ከነገር አልቆጠርኩትም። ጠረግኩት፣ ስንጥቁን በሰም ደፈንኩት። ዘወር ብዬ ሳየው ከቀዳዳው ጠብታ ተንጠልጥሏል።

ደግሜ ጠረግኩ። ደግሞ ረጠበ...

ስድስት ሰዓት ላይ ታናሽ እህቴ ሚጣ እየሮጠች ገባች። ከሰዓት የኦርኬስትራ መግቢያ ፈተና አለባት፤ ዕድሜዋን ሙሉ የጠበቀችው ቀን። የብረት ዋሽንቷ ግን ገና ጠረጴዛዬ ላይ ተበታትኗል።

«ያንተ ነገ እኮ አይነጋም!» አለችኝ እያለከለከች።

«ትንሽ ታገሺኝ።»

«እስከዚያ በዚህ ልሟሟቅ።» የእንጨቱን አነሳች።

«ሚጣ፣ አልተጠረገም! ተይው!»

ነፋችው።

የሸምበቆም የብረትም ዋሽንት በእጄ አልፏል፤ እንዲህ ያለ ድምፅ ግን ሰምቼ አላውቅም። እህቴ በመሆኗ ኮራሁ።

ከዚያ አንድ ነገር ጎረበጠኝ...

አየር አትስብም።

ዜማው ይረዝማል... ይረዝማል... ደረቷ አይነሳም።

«በቃ!»

አወረደችው። ሳቀች።

«ምን ሆነሃል? ፊትህ ወረቀት መሰለ እኮ።»

ስንጥቅ የማይበትን ትንሽ መስታወት አነሳሁ።

«ከንፈርሽ ላይ ሰም አለ... ቆይ ላሳይሽ።»

አፏ ሥር ያዝኩላት። አፍንጫዋ ሥር።

መስታወቱ ጥርት እንዳለ ቀረ።

«የታለ ሰሙ?» ስትናገር እንኳ ጭጋግ የለም።

ጀርባዬን ሰጥቻት መስታወቱን ወደ ዋሽንቱ ቀዳዳ አስጠጋሁት።

ጭጋግ ለበሰ... ጠራ... ለበሰ።

ቶሎ ቶሎ። እየሮጠ እንደመጣ ሰው።

«ምን ትጠብቃለህ?» አለች ከኋላዬ። «ጥረገውና ያንን የኔን ጨርስልኝ እንጂ።»

ጨርቁ እጄ ላይ ነበር። ወረወርኩት። የእህቴን ትንፋሽ እንዴት ልጥረግ?

ሚጣ ፈተናውን አለፈች። የሰማት ሁሉ «ትንፋሿ አያልቅም» ይላል።

ለእናትየዋ ዋሽንቱ ጠፋ ብዬ ዋጋውን ከፈልኩ። እንዴት እንደጠፋ እንኳ አልጠየቁኝም።

አሁን መሳቢያዬ ውስጥ ነው፤ ጠርጌው አላውቅም። በየጠዋቱ መስታወቱን አስጠጋለሁ።

ዛሬ ጭጋጉ ከትናንቱ ሳስቷል...