ጭራ የሌለው ማንጎ

ስቲከሩ አልላቀቅ አለ። ማሪያ በጥፍሯ ጫፉን ፈልቅቃ ስትስበው ለሁለት ተቀደደና ግማሹ ማንጎው ላይ ቀረ። የቀረው ደግሞ «ሕንድ» የሚለው ነበር።

«በምራቅሽ አርጥቢው» አላት ያሲን፣ የአጎቷ ልጅ። እሱ የላጣቸውን ስቲከሮች ግንባሩና ጉንጩ ላይ ደርድሯቸዋል። «እዪኝማ! እኔም ሙስተውረድ ሆንኩ። ከውጭ የገባ፣ አንደኛ ደረጃ!»

«አንደኛ ደረጃ ጅል» አለችው። ሳቋ ግን አመለጣት።

በደቡብ ሳዑዲ፣ ከባይሽ ወደ ጂዛን በሚወስደው መንገድ ዳር፣ የማንጎ መሸጫ ዳሳቸው ጀርባ ጥላው ስር ተቀምጠዋል። ማንጎው ከፊታቸው የገመድ አልጋው ላይ ተቆልሏል። አጎቷ ሸምሱ ከጂዳ ነጋዴ የመጡለትን ካርቶኖች ጠዋት አራግፎ ትእዛዝ ሰጥቶ ነበር፦ ስቲከሩ ይላጣል፤ ማንጎው በአባቷ የእንጨት ሣጥን ይገባል፤ የአባቷ የቆዩ ደንበኛ አቡ ሙሳ ከዐስር ሶላት በኋላ ሲመጡ «የኑርሁሴን ማንጎ ነው» ተብሎ ይሰጣቸዋል።

ሣጥኑን የአባቷ ሽታ አልለቀቀውም። ኑርሁሴን ከወሎ መጥቶ ዕድሜውን በባይሽ ማንጎ እርሻ የጨረሰ ሰው ነበር። ማንጎ አይሸመጥጥም። በመቀስ ይቆርጣል፤ ከፍሬው ጋርም ትንሽ ቅርንጫፍ ያስቀርለታል። «ጭራ» ይላት ነበር። ቤት ሲመለስ ጭራዋን የባቄላ ፍሬ እስክታክል ያሳጥርና ማንጎውን ቁልቁል ደፍቶ ይሄው የገመድ አልጋ ላይ ይደረድረዋል፤ ወተቱ በገመዶቹ መሀል ጠብ ጠብ ብሎ እንዲያልቅ። «ከስሩ እንዳትገቢ፣ ወተቱ ያቃጥልሻል» ይላል፣ የእሱ እጆች ግን በዚያው ወተት እንደተዥጎረጎሩ ናቸው። በማንጎ ወቅት ቤተሰቡ መሬት ላይ ይተኛል። እናቷ ስታጉረመርም «ማንጎ እንግዳ ነው። ለእንግዳ አልጋ ይለቀቅለታል» ይላት ነበር።

አቡ ሙሳ በየዓመቱ ከአል-ዓሪዳ ኮረብታ የሚወርዱ ሽማግሌ ናቸው። ማንጎውን በዚያች ጭራ ያዝ አድርገው ያሸቱና «ኑር!» ይላሉ፣ ሰው እንደሚጠሩ።

ኑርሁሴን ካለፈው ክረምት ወዲህ የለም። እርሻውም ፍሬውን ለሌላ ነጋዴ ሰጥቷል። አቡ ሙሳ ይህን አያውቁም። ባለፈው ሳምንት ሲደውሉ ሸምሱ «ኑር ደህና ነው፣ እርሻ ላይ ነው» አላቸው። «ሰላም በሉልኝ» የሚለው ድምፃቸው ከስልኩ ወጥቶ ማሪያ ጆሮ ደረሰ። የዚያን ቀን አባቷ እውነትም እርሻ ላይ ያለ፣ ሲመሽ መቀሱን በሽርጡ ወገብ ሽጦ የሚመጣ መስሏት ነበር። ውሸት መሆኑን እያወቀች ደስ አላት።

«ኸላስ? ጨረሳችሁ?» ሸምሱ መጣ።

«ጋሼ፣ በለዲያ የመጣበትን አገር ጻፉ ብሎ የለም?» አለች ማሪያ።

«ብሏል። ከማዘጋጃ ቤቱ ዛሬ የሚመጣ የለም። አቡ ሙሳ ግን ይመጣሉ።»

«ጭራ የለውማ።»

«ረገፈ በያቸው።»

«አባዬስ? አባዬ የት ነው ልበላቸው?»

ሸምሱ አጠገባቸው ተቀመጠና ባዶ ካርቶን አንስቶ ያለ ምክንያት አጠፈው። ከዚያ ዘረጋው።

«እኔኮ ልነግራቸው ነበር፣ ልጄ። ስልኩን አንስቼ ወንድሜ ሞተ ልል ስል ቃሉ አልወጣ አለኝ። እርሻ ላይ ነው አልኩ። ከዚያማ ማንጎውስ ሲሉኝ አለ አልኩ። አንዱ ውሸት ሌላውን ጎተተው። በስሙ የሚጠይቀኝ ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው የቀሩት።»

ያሲን ከግንባሩ ላይ ስቲከሮቹን ይለቅም ጀመር።

አሮጌ ፒካፕ አቧራ እያስነሳ ቆመ። ሸምሱ ከተቀመጠበት አልተነሳም። ማሪያ ግማሽ ስቲከር የቀረበትን ማንጎ እንደያዘች ወጣች።

«ያ ቢንት ኑር!» አሉ አቡ ሙሳ፣ በበትራቸው እየተደገፉ። «የኑር ልጅ! አድገሽ የለ እንዴ! አባትሽ የታለ?»

«እርሻ» ብትላቸው ያምኗታል። አል-ዓሪዳ ኮረብታ ላይ ቢያንስ ለአንድ ሰው አባቷ ማንጎ እየቆረጠ ይኖራል። ከርሞም መጥተው ይጠይቋታል፤ ከርሞም «እርሻ» ትላለች። ሽማግሌው እጃቸውን ወደ ማንጎው ዘረጉ። ጣቶቻቸው ጭራዋን ፈለጉ።

ማሪያ ማንጎውን አዙራ የተቀደደውን ስቲከር ወደ ላይ አደረገችው።

«ዓሚ፣ ይሄ የሕንድ ነው። ይጣፍጣል። ግን የአባዬ አይደለም።»

«እና የኑር የትኛው ነው?» አሉ እየሳቁ።

አባቷ የሞተ ዕለት እሷንም መጀመሪያ አስቀምጠዋት ነበር። መርዶ ለቆመ ሰው አይነገርም።

«ያሲን፣ አልጋውን ልቀቅ» አለች ዞር ብላ። ያሲን ማንጎውን ወደ ካርቶኑ መለሰው። ሸምሱም ተነስቶ ውሃ ቀዳ።

ማሪያ ገመዱን በመዳፏ ጠረገችና የሽማግሌውን ክንድ ያዘች።

«ይግቡ፣ ዓሚ። መጀመሪያ ይቀመጡ።»