አስራ ሁለት እርምጃ ብቻ

ቅዳሜ ረፋድ አራት ሰዓት ላይ አያ ጌጡ ሞተው ተገኙ። በሆስፒታሉ የጀርባ በር በኩል፣ ወደ ሽንት ቤት በሚወርደው የድንጋይ ደረጃ ግርጌ፣ በግንባራቸው ተደፍተው፣ ከዘራቸው ቀኝ እጃቸው ውስጥ። ያገኛቸው ነርሱ ምንይሉ ነው። ጮኸ፣ ሰው ተሰበሰበ፣ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ገዳይዋም ተገኘች፤ ማለቴ ሰዉ አገኘ። ብሌን ናት ተባለ።

ብሌን የሆስፒታሉ ፊዚዮቴራፒስት ናት። መንዝ ከመጣች ገና ስምንት ወሯ ነው፣ የስራዋ ስም ምላስ ስለሚያስር ታማሚው ሁሉ «የእግር አስተማሪዋ» ነው የሚላት። አልጋ ላይ የከረመን ሰው መጀመሪያ ትመረምራለች፦ ከተኛበት ይነሳል ወይ፣ ስንት እርምጃ ይሄዳል፣ ስንተኛው ላይ ይደክመዋል። ከዛ ሲወጣ የት እንደሚገባ፣ ማን እንደሚደግፈው፣ ደጁ ላይ ስንት ደረጃ እንዳለ ሳይቀር ትጽፋለች። ስለዚህ ሽማግሌው ከደረጃ ወድቀው ሲሞቱ «ሂዱ ያለቻቸው እሷ አይደለች?» ለማለት ማንም አልከበደውም።

የሆስፒታሉ ስራ አስኪያጅ አቶ መርስዔ ኃዘን ከወረዳ ስብሰባ እንደተመለሱ አንድ ወረቀት አስተይበው ጠበቋት። «ታማሚው ብቻቸውን እንዲሄዱ የፈቀድኩት እኔ ነኝ» ይላል። ከፈረመች የሙያ ፈቃዷ አበቃ፣ ምናልባትም እስር አለ።

«ፈርሚና ነገሩን እናለዝበው» አሏት።

«አልፈርምም።»

«ብሌን፣ ለራስሽ ብዬ ነው።»

«ለራሴ ከሆነ ለራሴ ልወቅበት። እጄን ቢቆርጡትም የተቆረጠው እጅ አይፈርምም።»

እሳቸው ደነገጡ። እሷም ትንሽ ደንግጣለች፣ ግን አላሳየችም።

ከወረዳው ፖሊስ የመጣችው ምክትል ኢንስፔክተር እስከዳር ናት። አጭር፣ ካፖርቷ ከሷ የሚበልጥ፣ ዓመቱን ሙሉ ጉንፋን የማይለቃት ሴትዮ። ስታናግርህ አፍንጫዋን በመሀረብ ስለምትጠርግ እየሰማችህ አይመስልህም። ብዙ ሰው እዛ ላይ ነው የሚሳሳተው።

መጀመሪያ ሬሳውን አየች፣ ቀጥላ ከአያ ጌጡ አልጋ እስከ ደረጃው እየቆጠረች ሄደች። አርባ ሦስት እርምጃ። ኮሪደሩ ውስጥ ወንበር የለ፣ አግዳሚ የለ፣ ለስላሳ ሲሚንቶ ግድግዳ ብቻ። ተመልሳ ብሌንን ጠራቻት።

«ምን ነበር በሽታቸው?»

ብሌን ፋይሉን ዘረጋችላት። ከገብስ ክምር ላይ ወድቀው ቀኝ ዳሌያቸው ተሰንጥቋል። ስንጥቁ እንኳን ሊቆሙበት የሚቻል ነበር፤ የባሰባቸው ተኝተው የያዛቸው የሳንባ ምች ነው፣ ትንፋሽ አሳጥሯቸዋል።

«ትናንት የሄዱት አስራ ሁለት እርምጃ ብቻ ነው» አለች። «እሱም ሰው ጎናቸው ሆኖ። አስራ ሦስተኛው ላይ ከንፈራቸው ይጠቁራል፣ ወንበር እናቀርባለን። ብቻዎን እንዳይነሱ ብዬ አልጋቸው ራስጌ ጽፌያለሁ፣ ማንበብ ስለማይችሉም በአፌ ነግሬያቸዋለሁ። አልፈቀድኩም።»

«ከዘራውስ?»

ብሌን ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። ክፍሉን ለአራት ቀን ያሳቀው የከዘራው ነገር ነበር። የታመመው ቀኝ ከሆነ ከዘራው በግራ ይያዛል፤ ክብደቱን የሚቀንስላቸው እንደዛ ነው። አያ ጌጡ ግን የታመመኝ ቀኝ፣ ዱላው ግራ፣ አንቺ ልጅ ጤነኛ ነሽ ወይ ብለው ሲሟገቷት ከረሙ። ሞክረውት ሲቀላቸው ደግሞ እሳቸው ራሳቸው አስተማሪ ሆኑ። ስቶ በቀኝ የያዘ ታማሚ ካዩ ካልጋቸው ሆነው «ግራ በል አንተ፣ ግራ» ይሉ ነበር። እስከዳር አፍንጫዋን ጠረገች።

ቀጥሎ ምንይሉ ገባ። ላብ በላብ ነው። ለግማሽ ሰዓት ክፍሉን ትቶ እንደነበር አመነ፤ በስራ ሰዓት ገበያ ወጥቶ ቅቤ ሲገዛ ነበር። ቅቤውም ካፖርቱ ኪስ ውስጥ ነው፣ ቀልጦ ወደ ሱሪው ወርዷል። ሌላው ታማሚ የት ነበር ስትለው፣ መንዝ አይደል፣ መንቀሳቀስ የሚችል ሁሉ ፊት ለፊቱ በር ጋ ወጥቶ ፀሐይ ይሞቅ ነበር አለ። ክፍሉ ውስጥ የቀሩት አያ ጌጡ ብቻ ናቸው።

ልጃቸው ተሾመች ከሞላሌ ናት። ከአባቷ ጋር አራቱን ቀን ልምምድ ስታደርግ ከርማ፣ ጠዋት ለሰኞ ሚኒባስ ልትነጋገር መናኸሪያ ሄዳ ነበር። አባቷ የት ሊገቡ እንደሆነ የተወሰነው ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ብሌን፣ ምንይሉ፣ እሷና እሳቸው ባሉበት። የእሳቸው ቤት ግሼ በኩል፣ አፋፍ ላይ ነው፣ ደጁ ሦስት ድንጋይ ያስወጣል። የተሾመች ቤት ሜዳ ላይ ነው። ስለዚህ ሞላሌ። አያ ጌጡ «የምትጦረኝ እሷ ናት» ብለው የመውጫ ዕቅዱ ላይ የአውራ ጣታቸውን አሻራ አሳረፉ።

«መጦር» የሚለውን ስትሰማ እስከዳር መሀረቡን ኪሷ ከተተች። ሽማግሌ ሲሞት መሬቱ የጦረው ነው የሚባልበት ሀገር ላይ እኮ ነው ያለነው።

የአያ ጌጡን መሬት የሚያርሰው የወንድማቸው ልጅ ዳኜ ነው። እሱ ደግሞ ፖሊስ አስጠርቶት፣ ከማንም ጋር ሳያወራ፣ ከነበግ መጎተቻ ገመዱ ከገበያ በቀጥታ መጣ። ልምምድ ላይ አንድም ቀን አልቆመም፤ ሽማግሌን መራመድ ሲያስተምሩ ማየት ያሳፍረኛል ብሎ።

«ለመጨረሻ ጊዜ ያየሃቸው መቼ ነው?» አለችው።

«ሐሙስ። ከሐሙስ ወዲህ ሆስፒታሉን አልረገጥኩም። አጎቴ ችኩል ናቸው፣ እግዜር ነፍሳቸውን ይማር። ሰኞ ሞላሌ ለሚገቡ ሰው ምን አስቸኮላቸው?»

«አይ፣ ሰው መች ያርፋል» አለች እስከዳር፣ እና አስነጠሳት።

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም አያ ጌጡ ክፍል ሰበሰበቻቸው። ታማሚዎቹም አልጋቸው ላይ ሆነው አፈጠጡ። አቶ መርስዔ ኃዘን ያችን ወረቀት ይዘው ብሌን አጠገብ ቆሙ። እስከዳር ከዘራ አንስታ መሀል ገባች።

«ቀኝ ዳሌዬ ተሰንጥቋል እንበል። አንድ በአንድ እየመጣችሁ ከዘራውን አስይዙኝ።»

ተሾመች እንባዋን እየጠረገች ግራ እጇ ላይ አኖረችው። ምንይሉም ግራ። አቶ መርስዔ ኃዘን ኮሩና ቀኝ እጇ ላይ አኖሩት፤ ከአልጋ አንዱ «ግራ በል አንተ» ሲል ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ዳኜ ሳቁ አልገባውም፣ ስራ አስኪያጁ ላይ የሚያሾፉ መሰለው። ከዘራውን ተቀብሎ ቀኝ አስያዛት።

ሳቁ ቆመ።

«አያ ጌጡ እስከ ደረጃው ብቻቸውን አልደረሱም» አለች እስከዳር። «አስራ ሁለት እርምጃ የሚሄድ ሰው አርባ ሦስት አይሄድም። ብሌን ይሄን የጻፈችው ዓርብ ነው፣ ሳይሞቱ በፊት፤ ራሷን ለማዳን አይደለም። ስለዚህ የደገፋቸው ሰው አለ። የደገፋቸው ሰው ደግሞ ሲወድቁ መጣራት ሲገባው ዝም ብሎ ከዘራቸውን እጃቸው ውስጥ ከተተ፣ ብቻቸውን የሄዱ እንዲመስል። በቀኝ። እሳቸው ግን በቀኝ የያዘን ሰው ሲቆጡ ነበር። እዚህ መሀል ግራ መሆኑን የማታውቁት ሁለት ናችሁ። አቶ መርስዔ ኃዘን በዛ ሰዓት ወረዳ ስብሰባ ላይ ነበሩ፣ ሃምሳ ሰው ሲያንቀላፉ አይቷቸዋል።»

ዳኜ ገመዱን እጁ ላይ ጠመጠመው። «በታመመው በኩል መያዝ ሀገሩ ሁሉ የሚያደርገው ነው። በዚህ ሰው ይታሰራል?»

«አይታሰርም። ግን ከሐሙስ ወዲህ አልመጣሁም ብለኸኛል። ሞላሌ መግባታቸው የተወሰነው ዓርብ ነው። ከማንም ጋር ሳታወራ ከገበያ መጣህ። ሰኞ ሞላሌ የሚለውን ማን ነገረህ?»

ዳኜ ተሾመችን አየ፣ ምንይሉን አየ። ሁለቱም አልነገርንህም በሚል ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እሳቸው ራሳቸው ናቸው» አለ። «ዛሬ ጠዋት። በግ ሸጬ ልጠይቃቸው ስገባ ነገሩኝ። አስራ አንድ ክረምት አረስኩት ያንን መሬት። ፀሐይ ላሙቅዎት ብዬ ተሸክሜ ማለት ይቻላል፣ ደግፌ በጀርባው በር አወጣኋቸው፣ አሻራዎን ይመልሱ ብዬ ለመንኳቸው። ልጄ ናት፣ አልመልስም አሉኝ። ገፋኋቸው። እንደሚሞቱ አላሰብኩም።»

«እኔን ብትጠይቀኝ ታርስ ነበር» አለች ተሾመች። «አራሽ የት ይገኛል ብለን አንተን ነበር የምንለው።» እሱም ሲወስዱት ቀና አላለም።

ዳኜ ከወጣ በኋላ አቶ መርስዔ ኃዘን ወረቀቷን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። ይቅርታ የሚሉ መስሏት ብሌን ጠበቀች። እሳቸው ግን ጉሮሯቸውን ጠረጉና ኮሚቴ እስኪቋቋም ድረስ ታማሚ ማስነሳት ለጊዜው ይቁም አሉ።

ብሌን ወጣች። በኮሪደሩ አልፋ ሴቶች ክፍል ገባች። እማማ ይመኙሻል ከተኙ ስድስተኛ ቀናቸው ነው፣ እግራቸው ማበጥ ጀምሯል። በጎናቸው አዙራ፣ አስቀምጣ፣ ትንፋሻቸውን አዳምጣ አስነሳቻቸው። አቶ መርስዔ ኃዘን ተከትለዋት መጥተው በሩን ሞልተው ቆሙ።

«አቁሚ አላልኩሽም?»

«ብለዋል» አለች ብሌን፣ ክንዷን ከአሮጊቷ ሳታነሳ። «ተኝተው የሚሞቱትንም እርስዎ ይፈርሙልኝና አቆማለሁ።»

ሁለቱ ሴቶች በአንድ እግር፣ ከዛ በሌላው፣ ወደ በሩ መጡ።

«ልጄ፣ ዞር በልልን» አሏቸው እማማ ይመኙሻል። «ቆሜ ብዙ አልቆይም።»

አቶ መርስዔ ኃዘን ዞር አሉ።