ያልጠቆረው አንሶላ

«በገዛ አባቷ እንዲህ ትጨክናለች?» ሴት አያቷ ትራስ እንዳቀፉ ደጋግመው ራሳቸውን ጠየቁ።

አማቻቸው ጓሮ ውስጥ ብርድ ልብስ ለብሶ ተጋድሟል። ከአባቱ የወረሰውን፣ ባሩድና አረር በአፉ የሚጎርስ አሮጌ ጠመንጃ ሲተኩስ አፈሙዙ ፈንድቶ ገደለው። ዝገቱን ጠርጋ ጠመንጃውን ያደሰችለት በያጅዋ ልጁ ናት። ትናንት ደግሞ ሲጨቃጨቁ ተሰምተዋል።

መርማሪው እንቅልፍ የጠገበ ሰው አይመስልም። የመጋዘን ዘበኛ የሆነውን የሟችን ታላቅ ወንድም አስቀድሞ ጠየቀ።

«ሲተኩስ የት ነበርክ?»

«እዚያው አጠገቡ። ጭሱ ጋርዶኝ ምኑንም አላየሁ። የሷ ብየዳ አይታመንም ብዬው ነበር።»

«አፈሙዙን እሳት አላስነካሁትም፣ አጎቴ!» አለች ልጅቷ። «የተጣላነውም ግድግዳ ላይ ይሰቀል፣ አይተኮስ ብዬው ነው።»

«ዝም በይ አንቺ!» አያት ተርበተበቱ። «እህል አልቀመሰችም እኮ የኔ ጌታ፤ የምትለውን አታውቅም።»

መርማሪው ጓሮ ወጥቶ ገመድ ላይ የተሰጣውን አንሶላ አሸተተ።

«እማማ፣ ይሄ ሲተኮስም እዚሁ ነበር?»

«ነበር። እሱ በተኮሰ ቁጥር ጥላሸት ለብሶ፣ የተበላሸ እንቁላል እየሸተተ ስንቴ መልሼ አጠብኩት! ዛሬስ ማን ልብ አለው?»

ሁሉንም ሳሎን ሰበሰባቸው።

«ጥቁር ባሩድ ያጨሳል፣ ያጠለሻል፣ ይሸታል። አንሶላው ግን ነጭ ነው። ታዲያ ዘበኛው፣ የጋረደህ ጭስ ከየት መጣ? ጠመንጃው የጎረሰው የዘመኑን ጥይት ጭስ አልባ ባሩድ ነው፤ አሮጌ ብረት ጉልበቱን አይችለውም። እማማ፣ ከመጣሁ ጀምሮ ያቀፉትን ትራስ ይስጡኝ።»

አያት ትራሱን ሰጡት። ከውስጡ ሟች ባሩዱን የሚይዝበት ቀንድ ወጣ። መርማሪው ሲያዘነብለው ጥቁር ዱቄት ሳይሆን ግራጫ ፍርፋሪ ፈሰሰ።

«ያደረገችው እሷ መስላኝ፣ እንዳትይዙብኝ ብዬ ነው የደበቅኩት» አሉ አያት።

ልጅቷ ቀና ብላ አየቻቸው።

መርማሪው የዘበኛውን ዝናር ተቀብሎ ጥይቶቹን አገላበጠ። አንዳንዶቹ ላይ የፒንሳ ንክሻ አለ። የአንዱን እርሳስ ነቀለ፤ ቀለሁ ውስጥ ባሩድ የለም።

«ታላቁ እኔ ነበርኩ» አለ ዘበኛው፣ መሬት መሬት እያየ። «አባታችን ግን ጠመንጃውን ለሱ ሰጠው።»

ፖሊሶች ይዘውት ሄዱ። አያት በረጅሙ ተነፈሱ።

«ተመስገን! በይ ነይ የኔ ልጅ፣ ትንሽ ቅመሺ።»

ልጅቷ ባዶውን ትራስ አንስታ ሶፋው ላይ አስተካክላ አስቀመጠችው። የብየዳ መሣሪያ ቦርሳዋን አንግታ ከቤት ወጣች።