ሁለተኛው የኮሶ ኩባያ

አቶ ፈንታሁን በሕይወት ዘመናቸው ከአውቶቡስ ኋላ እንኳ ሮጠው የማያውቁ ሰው ነበሩ። የሞቱት ግን የወርቅ ሜዳሊያ አንገታቸው ላይ አጥልቀው ነው።

ኢንስፔክተር ትሕትና ሜዳሊያውን በብዕሯ ጫፍ ገልብጣ አነበበችው። የዩኒቨርሲቲዎች ውድድር፣ አሥር ሺህ ሜትር፣ አንደኛ። ሟች መደቡ ላይ በጎናቸው ተኝተው ጉልበታቸውን ወደ ሆዳቸው ሰብስበዋል፤ ትራሱ በለሃጭ ርሷል። ከራስጌያቸው ባዶ ኩባያ አለ። አንሥታ አሸተተችው። ኮሶ። ደግማ አሸተተችው። ከኮሶው ሥር ሌላ ሽታ ነበረ፤ እናቷ ጎተራ ላይ የምትረጨው የነቀዝ መድኃኒት ሽታ። ይህን ሁለተኛውን ሽታ ለማንም አልነገረችም። ደብረ ታቦር ላይ ለአንድ ሰው የተነገረ ነገር ሐሙሲት ለመድረስ ሚኒባስ አይጠብቅም።

«ነገሩ ያለቀ ነው፤» አሉ አለቃዋ ኮማንደር አንዱአምላክ በሩን ተደግፈው። «ሯጩ እዚሁ ቤት ነው ያደረው። ኮሶው የተበጠበጠው ለሁለት ነው። ሰውዬው ጠጥቶ ሞተ፤ እሱ ድርሻውን ጓሮ ደፍቶ ተረፈ። ሲደፋ ጎረቤት አይታዋለች። ያን የታገደበትን ቅመም ጨምሮበት ነው። ከሰዓት በነፍስ ግድያ ፍርድ ቤት አቀርበዋለሁ።»

«እርስዎ የእሱ ደጋፊ አልነበሩም?»

«ድሮ።»

«ልጅዎን በእሱ ስም ውባንተ ብለውት የለም እንዴ?»

«አሁን ማሙሽ ነው የምንለው።»

ውባንተ በዩኒቨርሲቲው ማልያ ሮጦ ያን ሜዳሊያ ካመጣ ጀምሮ ከተማው የእሱ ነበር። ባለፈው ክረምት ግን አበረታች ቅመም ወስደሃል ተብሎ ከውድድር ታገደ፤ ከተማውም ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ «ስም ማጥፋት ነው» አለ። ግማሹ ፎቶውን ከሚኒባሱ መስታወት ልጦ የሌላ ሯጭ ለጠፈ። አቶ ፈንታሁን የሚመሩት የደጋፊዎች ማኅበር ደግሞ ማለ፦ ውባንተ እስኪነጻ ድረስ የማኅበሩ አባል ኪኒን አይውጥም። ምክንያቱን በደንብ ያስረዳ ሰው የለም፤ ግን በመሐላው የተነሣ ብዙ ራስ ምታት በክብር ታለፈ። ለመስቀል ቅርጫ ገብተው ጥሬ ሥጋ ከበሉ በኋላ አቶ ፈንታሁንና እንግዳቸው ውባንተ የኮሶ ትል ታያቸው። ትሉን የሚያወርድ ኪኒን በየፋርማሲው ሞልቷል። መሐላ መሐላ ነውና እንደ ጥንቱ የኮሶ አበባ ተወቀጠ።

ትሕትና ወደ ጓሮ ወጣች። አንዱ የጌሾ ተክል ሥር አፈሩ ቡናማ ሆኗል፤ ዙሪያውን ዝንቦች እግራቸውን ወደ ሰማይ አድርገው ተኝተዋል። ጎንበስ ብላ አየቻቸውና ሳትነካቸው ተነሣች። ከዚያ ወደ እቃ ቤቱ ገባች። ጎታው ጀርባ አቧራ የለበሰ የነቀዝ መድኃኒት ጠርሙስ ቆሟል። ክዳኑ ላይ ግን አቧራ የለም።

ወጥ ቤት ውስጥ የሟች ባለቤት እትዬ ብርቱካን ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰው፣ የጠፋ ምድጃ ፊት ተቀምጠው አገኘቻቸው። ጉልቻው ላይ ግማሽ የበሰለ የዶሮ ወጥ አለ።

«እግዜር ያጥናዎት። ዶሮው ለምንድን ነው?»

«ኮሶ የጠጣ ሰው ሲሽረው ምን ይበላል፣ ልጄ? አንጀቱ ታጥቦ ባዶውን ሲቀር? ለእሱ አንድ፣ ለዚያ ልጅ አንድ ብዬ፣ ማለዳ ጎረቤት ጠርቼ አሳረድሁ። ሳይበላው።»

«ልጁን ይጠሉታል ይባላል።»

«ይህን ግድግዳ እይው፤» አሉ በክፍቱ በር ወደ ሳሎኑ እየጠቆሙ። «እዚያ የሠርጋችን ፎቶ ነበረ። አሁን ያለው የእሱ ነው፣ ሪባን ሲበጥስ። እኛ እቃ ቤት ገብተናል። ፈንታሁን በሠርጌ ዕለት እንባ ያልወጣው ሰው፣ ይህ ልጅ ሁለተኛ የወጣ ጊዜ እራቱን ሳይበላ አደረ። ቀናሁ ወይ በይኝ። አዎን ቀናሁ። ሴት ብትሆን ጸጉሯን እነጭ ነበር። በሯጭ ምን ይደረጋል? አይደረስበት።»

«ትላንት ማን ማን ነበረ?»

«እሸቴና ታምራት። እሸቴ ኮሶውን እየወቀጥሁ ሳለ ከፈንታሁን ጋር ተጣልቶ ወጣ። እኔም በጥብጬ ማሰሮውን እቃ ቤት ጎታው ሥር ከደንሁና ዶሮ ላስገባ ወጣሁ። ታምራት ቆየ። እሱ መቼም ሁልጊዜ መጨረሻ ነው የሚወጣው።»

ትሕትና ሙቀጫውን አነሣች። ከሥሩ የቀረውን ዱቄት በጣቷ ነካክታ አሸተተች። ኮሶ ብቻ።

ጋሽ እሸቴ፣ ጡረታ የወጡት የስፖርት መምህር፣ ለለቅሶው በተተከለው ድንኳን ጥግ ብቻቸውን ተቀምጠው ነበር።

«በምን ተጣላችሁ፣ ጋሼ?»

«ነገሩ እስኪጠራ ሜዳሊያው ለዩኒቨርሲቲው ይመለስ አልኩ። ፈንታሁን 'ከሃዲ' አለኝ። እኔን። ልጁ ከጋፋት ትምህርት ቤት ሲመላለስ አይቼ 'ይህ እግር ዝም ብሎ አይደለም' ያልኩት እኔ ነኝ። ያኔ ፈንታሁን ሩጫን የሚያውቀው በሬዲዮ ነበር። ያሠለጠነ ቀረና ያጨበጨበ ሊቀ መንበር ሆነ።»

«ቀንተውባቸዋል ማለት ነው።»

«በጣም እንጂ።» ሽማግሌው ወደ ቤቱ በር አዩ። «አሁን በማን ልቀና ነው?»

ውባንተን ያስቀመጡት በእንግዳ ክፍሉ ውስጥ፣ በአንድ ፖሊስ ጥበቃ ነው። ረጅም እግሮቹን የሚያደርግበት አጥቶ ግድግዳውን ረግጦ ተቀምጧል።

«ኮሶውን ለምን ደፋኸው?»

«ጉዳዬ ገና አልተዘጋም፤ የማላውቀውን ነገር ባልውጥ ይሻላል። አንድ ሰውም መከረኝ።»

«ለጋሽ ፈንታሁን ለምን አልነገርካቸውም?»

«አብረን እንጠጣለን ብለው እንደ ልጅ ደስ ብሏቸው ነበር። ዛሬ ጎሕ ሲቀድ አፍንጫቸውን ይዘው ባንድ ትንፋሽ ጨለጡት። እኔ ጓሮ ወጥቼ ደፋሁና 'ጠጣሁ' አልኳቸው። 'አይዞህ፣ ይመራል ግን ያጠራል' አሉኝ።»

«የመከረህ ማነው?»

«ለእኔ አስቦ በምስጢር የነገረኝን ሰው ስም ለፖሊስ አልሰጥም።»

«ከሰዓት በነፍስ ግድያ ትከሰሳለህ እኮ። እድሜህን ሙሉ ነው።»

«መከሰስ ለምጃለሁ።»

«የመጀመሪያው ክስስ? እውነት ነው?»

ሯጩ የጫማውን ማሰሪያ ፈታና መልሶ አሰረው። ትሕትና አልገፋችበትም፤ የእሷ ጉዳይ ሬሳው ነው።

ታምራትን ያገኘችው ድንኳኑ መግቢያ ላይ ነው። የፋርማሲ ባለቤትና የማኅበሩ ምክትል ሊቀ መንበር ነው፤ ጥቁር ኮቱን ለብሶ፣ ለቀስተኛውን በሊቀ መንበር ደንብ ይቀበላል። እንደ ፋርማሲ ባለቤት መሐላው ከማንም ይልቅ እሱን ይጎዳል፤ ከማንም ቀድሞ የማለውም እሱ ነበር።

«ልጁን አትንኩብን፣ ኢንስፔክተር። ንጹሕ ነው። እኔ አውቀዋለሁ።»

«ከጋሽ ፈንታሁን ይበልጥ?»

የታምራት አንገት ቀና አለ። «እሳቸው ቤት ያድራል እንጂ፣ የሚያማክረው እኔን ነው። ውሃ እንኳ ሳይጠይቀኝ አይጠጣም።»

«ሜዳሊያውን ግን ለእሳቸው ሰጠ።»

«ትላንት፣ እኔና እትዬ ብርቱካን ባለንበት። እሸቴ 'ይመለስ' ብሎ ከወጣ በኋላ፣ ልጁ ብድግ አለና 'ላልከዱኝ ለእርስዎ' ብሎ አጠለቀላቸው።» ፈገግ ለማለት ሞከረ። «አጨበጨብኩ። እትዬን ይጠይቋት፣ ደህና አድርጌ ነው ያጨበጨብኩት።»

ትሕትና በሥራዋ ብዙ ዓይነት ማስረጃ ሰምታለች። ጭብጨባውን ምስክር የሚያቆምለት ሰው ግን አጋጥሟት አያውቅም። ወደ ውባንተ ተመለሰችና በጆሮው፣ እሷ ስትናገር አንገቱን ደፍቶ ዝም እንዲል ለመነችው።

ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው። እትዬ ብርቱካን ከበሩ አጠገብ፣ ጋሽ እሸቴ ሶፋው ጫፍ ላይ፣ ውባንተ ከገዛ ፎቶው ሥር፣ ታምራት ከውባንተ ጎን። ኮማንደሩ ሰዓታቸውን ያያሉ። ከደጅ የለቅሶው ድምፅ ይሰማል።

«የገደላቸው ኮሶው ውስጥ የተጨመረ ነገር ነው፤» አለች ትሕትና። «ደንባችንን ታውቃላችሁ። ጠላ የሚያቀርብ ሰው መጀመሪያ ራሱ ይቀምሳል። ኮሶን ግን የሚቀምስ የለም፤ አፍንጫ ተይዞ ይጨለጣል። መርዝ ለሚያስብ ሰው ከዚህ የተመቸ መጠጥ የለም። የተጨመረውም ኩባያው ውስጥ አይደለም፤ ማሰሮው ውስጥ ነው። ውባንተ የደፋበት ቦታ ዝንቦቹ አልቀዋል። የእሱም ድርሻ ያው ነበር ማለት ነው።»

«እንዳልኩት፤» አሉ ኮማንደሩ። «አውቆ ደፋ።»

«አውቆ ቢሆን ጎረቤት እያየችው ከጓሮው መሐል አይደፋም፤ ሽንት ቤት ይደፋ ነበር። ጋሽ እሸቴ ኮሶው ሳይበጠበጥ ወጥተዋል፤ ሙቀጫው ውስጥ የቀረው ዱቄት ደግሞ ንጹሕ ነው። እትዬ ብርቱካን ቀንተዋል፣ ራሳቸው ነግረውኛል። ግን ለማይሽረው ሰው ዶሮ የሚያሳርድ የለም፤ ያውም ሁለት።» ወደ ውባንተ ዞረች። «አሁን ክፉ ነገር ልንገራችሁ። ውባንተ ኮሶውን ሁሉ አልደፋም። ጋሽ ፈንታሁን እንዳይከፋቸው ፊታቸው አንድ ጉንጭ ጠጥቷል። ደብቆን ነበር።»

ውባንተ አንገቱን ደፋ።

እትዬ ብርቱካን ብድግ አሉ። «ወተት ላምጣለት።»

«ወተት አይሆንም፤» አለ ታምራት። ተነሥቶ የውባንተን ፊት በሁለት እጁ ይዞ ወደ መስኮቱ አዞረው፤ ዓይኑን ገልጦ ብሌኑን ያያል። «ለነቀዝ መድኃኒት ወተት አይሠራም። አትሮፒን የሚባል መርፌ ነው የሚያስፈልገው፤ ሆስፒታል አለ። መኪና አምጡ እንጂ፣ ምን ትጠብቃላችሁ?»

የተንቀሳቀሰ ሰው አልነበረም።

«የነቀዝ መድኃኒት ነው ያለ ማነው?» አለች ትሕትና። «ከተማው የሯጩ ቅመም ነው ይላል። ኮማንደርም እንደዚያ ነው የሚሉት። እኔ ያሸተትኩትን ለማንም አልተነፈስኩም።»

ታምራት አልሰማትም። «ጠጥተሃል?» አለው ውባንተን።

«አልጠጣሁም።»

«ምንም?»

«ምንም።»

«ተመስገን፤» አለ ታምራት፣ ወንበሩ ላይም ወደቀ። እፎይታው እውነተኛ ስለነበር ኮማንደሩ እንኳ ወዲያው ካቴና አላወጡም።

«እኔን የቸገረኝ አንድ ነገር ነበር፤» አለች ትሕትና። «ለሁለት ሰው በተበጠበጠ ማሰሮ ውስጥ መርዝ የሚጨምር ሰው ወይ ሁለቱንም ይጠላል፣ ወይ አንዱ እንደማይጠጣ ያውቃል። እዚህ ቤት ሁለቱንም የሚጠላ አላገኘሁም። ስለዚህ 'አትጠጣ' ያለውን ሰው መፈለግ ነበረብኝ። ውባንተ፣ አሁንም ስሙን ትደብቃለህ?»

ሯጩ ቀስ ብሎ ተናገረ። «ታምራት ገና እንደመጣ ኮሶ ለሯጭ ይከለከላል ወይ ብዬ ጠየቅሁት። 'ግድ የለም፣ የዛፍ አበባ ነው፣ ጠጣ' አለኝ። ቆይቶ ሊሄድ ሲል ከበር ተመልሶ ወደ ጥግ ወሰደኝና 'እንዳትቀምሰው። ድፋው፤ ለእሳቸው ግን እንዳትነግር' አለኝ።»

«በሁለቱ ምክር መሐል ምን ሆነ?»

ውባንተ ሬሳው ወዳለበት ክፍል ዞረ። «ሜዳሊያውን ሰጠኋቸው።»

«እኔም እዚያው ነበርኩ፤» አለ ታምራት። ድምፁ የተበደለ ልጅ ድምፅ ነበር። «አጠገባቸው ነው የቆምኩት። ጋፋት ልምምድ ስትሠራ ውሃ ተሸክሜ የተከተልኩህ እኔ። ስትታገድ ሱቄን ዘግቼ ያለቀስኩ እኔ። እሳቸው ወንበር ይዘው ይጠብቁሃል፤ አንተ ደግሞ ሄደህ ለወንበሩ አጠለቅህለት። እትዬ ዶሮ ልታስገባ ወጣች። እሳቸው ሜዳሊያውን በመስታወት ሊያዩ ገቡ። ጠርሙሱ እቃ ቤት ከማሰሮው አጠገብ ነበር።» ቀና አለ። «አንተ እንድትነካው ግን አልፈቀድኩም። ያንን እወቅልኝ።»

«ዝም ብትለው ኖሮ አንይዝህም ነበር፤» አሉ ኮማንደሩ፣ ሳይፈልጉት በአድናቆት።

«ዝም ብዬ ይጠጣ? እርስዎ ደጋፊ ሆነው አያውቁም።»

ኮማንደሩ ካቴናውን ራሳቸው አሰሩለት። ታምራት በሩ ጋ ሲደርስ ቆመ።

«አንድ ነገር ብቻ። ከአፍህ ልስማው። አልወሰድክም አይደል?»

ጋሽ እሸቴ እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አደረጉ፤ ለመስማት ይሁን ላለመስማት አልታወቀም። እትዬ ብርቱካን ከነጠላቸው ውስጥ አዩት። ውባንተ ለመጀመሪያ ጊዜ ታምራትን ፊት ለፊት ተመለከተው።

«ወስጃለሁ፤» አለ። «እያወቅሁ። ጋሽ ፈንታሁን በእኔ ምለው ኮሶ ጠጡ፤ ከዚህ በኋላ ለማንም አልዋሽም።»

ታምራት ራሱን ግራና ቀኝ ነቀነቀ። ከዚያ ወደ ትሕትና ጠጋ ብሎ፣ እንደ ቤተ ዘመድ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ከሐዘኑ ብዛት ነው እንዲህ የሚለው። እንዳይጽፉት።»